ሁሌ መጨረሻ የምደርሰው እኔ ነኝ

43 ዓመቴ ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው፣ እና ሃይኪንግ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አለፈኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት በግሩፕ ስንሄድ አንድም ቀን ቀድሜ ደርሼ አላውቅም፣ ኧረ መሀል ላይም ደርሼ አላውቅም። ይሄን የምጽፈው ብዙ ሴቶች፣ በተለይ ከወለዱ በኋላ ሰውነታቸው የከበደባቸው፣ «እኔም መሄድ ፈልጌ ነበር ግን ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ቀረሁ» ስለሚሉኝ ነው። እኔም እንደዛ ብዬ ሁለት ዓመት ቀርቻለሁ።

የመጀመሪያዬ መናገሻ ሱባ ጫካ ነበር፣ 2010 ኅዳር ላይ። ቴሌግራም ላይ የወጣው ማስታወቂያ «ደረጃ፦ ቀላል፣ ለማንኛውም ሰው የሚሆን» ይላል፣ የቢሮ ልጆች ሄደን እንምጣ አሉ፣ ከፈልኩ፣ ለሰፈር እርምጃ የገዛሁትን ስኒከር አድርጌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አውቶብስ ላይ ወጣሁ። ወደ ሠላሳ ምናምን ሰው ነበርን። ከአውቶብስ እንደወረድን ፊት ያሉት ልጆች ሩጫ በሚመስል እርምጃ ነው የጀመሩት፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ ሰልፊ እየተነሱ፣ እኔም ከነሱ ላለመለየት አብሬ ተፈተለክሁ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ድው ድው ማለት ጀመረ፣ እግሬ ቄጤማ ሆነ።

ጋይዱ ጥሩ ተናጋሪ ነው አሉ። ጥዶቹ ስር ቆሞ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ ዘር አስመጥተው ይሄን ጫካ እንዳስተከሉት፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ እንደሆነው አስረድቷል። አሉ ያልኩት እኔ ስላልሰማሁ ነው፣ ስደርስ ጨርሶ እያጨበጨቡለት ነበር። ጉሬዛዎቹንም እንዲሁ፣ «አየሻቸው?» ሲሉኝ ዛፉ ላይ የቀረው የቅርንጫፉ መወዛወዝ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ በደንብ አንብቡት። ፊት ያሉት ደርሰው ቁጭ ይላሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ያርፋሉ። እኔ እያለከለክሁ ብቅ ስል «ይኸው መጣች፣ በቃ ሁላችንም አለን፣ እንሂድ!» ይባልና ተነስተው መንገድ ይጀምራሉ። እኔ ውሃ የምጠጣው እየሄድኩ ነው። ስለዚህ በዛ ቀን በድምሩ አንድ ሰዓት ያረፉት ዕረፍት የማያስፈልጋቸው ልጆች ናቸው፣ ከሁሉም የደከምኩት እኔ ግን አንድም ጊዜ ቁጭ አላልኩም። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ እንዲያውም «ጠበቅንሽ እኮ» ብለው ነው የሚያስቡት።

ደሞ ይሉኝታችን አለ። አንዱ ልጅ ዞር ብሎ «ደክሞሻል እንዴ?» ሲለኝ ምን እንደምል ታውቃላችሁ፣ «ኧረ በፍጹም! ጫካውን እያየሁ ነው» አልኩት። ፊቴ ቲማቲም መስሎ። እነሱም በበኩላቸው «አይዞሽ፣ አንዲት ዳገት ብቻ ናት የቀረችው» ይላሉ፣ ያቺ አንዲት ዳገት አራት ጊዜ ተወለደች። እኔ አልደከመኝም ብዬ ዋሸሁ እነሱ ደረስን ብለው ዋሹ፣ ተዋሽተን ዋልን።

ጫካው ያለበት የወጨጫ ተራራ አናቱ ወደ 3,380 ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ ግን እዛ አልደረስንም፣ እኔና ሁለት ሴቶች በተለይ የትም አልደረስንም። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ደረስን፣ ፊት ያለው ሰው የለም፣ ድምፅ የለም፣ ስልክ ኔትወርክ የለም። አንደኛው መንገድ ሰፋ ያለ ነው በሱ ሄድን። ሰፊ የሆነው ለካ የከብት መንገድ ስለሆነ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ታች ወርደን ነው የገባን፣ ያ ማለት ደግሞ ያንን ሁሉ መልሶ መውጣት። ቁጭ ብለን ማልቀስ ሲቀረን አንድ እረኛ ልጅ መጣ፣ አብራን የነበረችው ልጅ ኦሮምኛ ስለምትችል ጠየቀችው፣ እሱም አገጩን ወደ ማዶ ቀስሮ «አቹማ» አለን፣ እዛችው ጋ ነው እንደማለት። እረኛ «እዛችው ጋ» ካላችሁ አንድ ሰዓት ያዙለት፣ ይሄን ከዛ ቀን ጀምሮ ቋሚ ሕግ አድርጌዋለሁ። እግዜር ይስጠው ግን ልጁ ከብቶቹን ለወንድሙ ጥሎ እራሱ ነው ያደረሰን። አውቶብሱ ጋ ስንደርስ 11 ሰዓት አልፏል፣ ግማሹ ሰው ተቆጥቷል፣ ጋይዱ ደግሞ መጥፋታችንን ያወቀው ምሳ ሲታደል ሦስት ፓኮ ስለተረፈው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ በጎን ነው የወረድኩት። ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር፣ ግን ያ የጥዱ ሽታ ውስጤ ቀረ መሰለኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። በሌላ ግሩፕ።

እንዴት እንደተሻሻልኩ ልንገራችሁ፣ ፈጣን አልሆንኩም፣ ግን መሰቃየት አቆምኩ። አንደኛ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የቢሮ ደረጃ ስወጣ እንኳን ያለከልከኝ ነበር፣ እኔ ውፍረት ነው እል ነበር፣ ሲመረመር የደም ማነስ ሆነ፣ አይረን ታዘዘልኝና ለወራት ወሰድኩ፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሁሉም ሰው የደም ማነስ አለበት እያልኩ አይደለም፣ ግን ሁለት ፎቅ መውጣት የሚያቅታችሁ ከሆነ ከጫማ በፊት ምርመራ።

ከዛ አረማመድ። ዳገት ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩት፣ በጣም፣ የእግራችሁን ግማሽ ያህል ብቻ፣ ተረከዛችሁ መሬት ይንካ፣ እና አትቁሙ። እኔ ስህተቴ ሃምሳ ሜትር በሩጫ ሄጄ ለሁለት ደቂቃ እየቆምኩ መተንፈስ ነበር፣ እሱ ነው የሚገድለው። መለኪያዬ ወሬ ነው፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብኝ ማውራት ካልቻልኩ ፈጥኛለሁ ማለት ነው፣ አዎ ወይ አይ ብቻ ከሆነ መልሴ በጣም ፈጥኛለሁ። ብቻዬን ስሆን አባታችን ሆይን እላለሁ፣ «እንጀራችንን» የምትለዋ ጋ ስደርስ ትንፋሽ ካጠረኝ ቀነስ።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት የሚያደክመው ደሞ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ሰውነት እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሁሉም ሰው ግን ከመኪና እንደወረደ በጉጉት ይሮጣል። አሁን እኔ ያለሁበት ግሩፕ የመጀመሪያውን ሠላሳ ደቂቃ መሪው ሆን ብሎ በእኔ ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ማንም እሱን አያልፍም። ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ በኋላ እነሱም ከሰዓት ላይ ጉልበት እንደሚተርፋቸው አዩ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ በሶ በውሃ በጥብጦ በላስቲክ ጠርሙስ፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። እንዳይርብህ ብላ እንጂ እስኪርብህ አትጠብቅ ይላል ጋይዳችን። አንዴ የዓድዋ በዓል ዕለት እንጦጦ ወጥተን፣ ያን ዓመት ጾም ላይ ዋለ፣ አንዷ ልጅ እስከ 9 ሰዓት ላትቀምስ ወስና ነው የመጣችው፣ ለማንም አልተናገረችም፣ ስድስት ሰዓት ላይ ዘፍ ብላ ወደቀች። መጾሟ የሷና የፈጣሪዋ ጉዳይ ነው፣ ግን ጋይዱ ቢያውቅ አጭሩን መንገድ ይዟት ይሄድ ነበር።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለገና መጣ፣ ማራቶን የሚሮጥ ሰው ነው፣ በመጣ በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ልውሰድህ አልኩት በኩራት፣ ይበልጠኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,350 ሜትር ናት እንጦጦ ደሞ 3,200 አካባቢ፣ እዛ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራቶኒስቱ ባሕር ዛፍ ተደግፎ «ቆይ እንጂ፣ ልብ ድካም ሊሆን ይችላል» ይለኛል፣ አንዲት እናት ከነጭራሮ ሸክሟ በጎናችን እያለፈች «አይዞህ የኔ ልጅ» አለችው። በሕይወቴ ሰው ቀድሜ የጠበቅኩት ያኔ ብቻ ነው፣ አልዋሽም ደስ ብሎኛል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስንሄድ ግን ጥሎኝ ሄደ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችሁን በመጀመሪያው ሳምንት ተራራ ላይ አትፈትኗቸው፣ አትሌቶቻችን እዛ የሚለማመዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ትምህርት የሆነኝ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ነው፣ 2011 ጥር ላይ ሄድን፣ ሳንቃበር ካምፕ አድረን፣ ግጭ ካምፕ፣ ከዛ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ፣ ከዛ ጨነቅ ካምፕ። እዛ አሠራሩ ደስ ይላል፣ ጋይዱ ፊት ይሄዳል፣ ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ጠመንጃውን አንግቶ ኋላ፣ በቅሎዎቹ ከነባለቤታቸው ይከተላሉ። ስካውታችን ስልሳ የተጠጉ አባት ነበሩ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፣ እኔ ስቆም ይቆማሉ ስሄድ ይሄዳሉ፣ «ቶሎ በይ» አላሉኝም «ደረስን»ም አላሉኝም፣ ስጠይቃቸው «ገና ነው ልጄ» ነው የሚሉት። እውነቱን የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ገና መሆኑን ሳውቅ ጉልበቴን ቆጥቤ ሄድኩ፣ እና ደረስኩ። 3,926 ሜትር እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ እኔ ቆሜያለሁ!

በዛው ጉዞ ላይ ጂም የሚሠራ፣ ደረቱ እንደ በር የሆነ ልጅ ነበረን፣ ሁሌ ፊት ነው። ግጭ ስንደርስ፣ ወደ 3,600 ሜትር ነው፣ ማታ ራሱን ሊፈልጠው ደረሰ፣ አስመለሰው፣ እራት አልበላም። እኔ ሽሮዬን በልቼ ተኛሁ። ጋይዱ እንደነገረን የከፍታ ሕመም ጡንቻ አያይም፣ እንዲያውም ጎበዞቹ ፈጥነው ስለሚወጡና መታመማቸውን ስለሚደብቁ ይብስባቸዋል። በማግስቱ እሱ ወደ ላይ አልወጣም፣ እዛው አርፎ ተሻለው፣ ባይሻለው ኖሮ በበቅሎ ወደ ታች ነበር የሚወርደው፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከዛ በኋላ ልጁ ከኔ ጋር ኋላ ሆነ፣ ጥሩ ጨዋታ እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው።

ለፈጣኖቹም ልፍረድ፣ የነሱም ችግር እውነት ነው። አንድ ጓደኛዬ «ቀስ ብዬ ስሄድ ጉልበቴን ያመኛል፣ ስጠብቅ ደሞ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል» ይላል፣ ልክ ነው፣ ጫፍ ላይ ነፋስ ውስጥ በእርጥብ ቲሸርት አርባ ደቂቃ መቀመጥ ቀልድ አይደለም። እኛ ያደረግነው ምንድነው፣ ምሳውንና ትርፍ ውሃውን ለፈጣኖቹ አሸከምናቸው። አትሳቁ፣ ይሠራል! አስር ኪሎ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄድ ሰው ጋር ይተካከላል፣ ምሳውን እነሱ ስለያዙት ደሞ እኛን ጥለው አይበሉም። ሌላው፣ ነፃ ልቀቋቸው ግን እስከ ተባለ ቦታ ድረስ፣ «እስከዛች ትልቅ ዝግባ»፣ እዛ ሲደርሱ ላብ ሳይደርቅ ጃኬት ይለብሳሉ፣ ይጠብቃሉ። እና መንገድ በተከፈለ ቁጥር፣ ምንም ቢሆን፣ ሰው ይቆማል። የመጨረሻው ሰው በዓይን እስኪታይ ድረስ ማንም አይነቃነቅም። ይሄ አንድ ሕግ ያኔ ቢኖር እኔ ያንን እረኛ አላውቀውም ነበር።

የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ደሞ ሰዓት የሚያዘው ከዛ ነው። አስር ደቂቃ ዕረፍት ከተባለ እኔ ቁጭ ካልኩበት ጀምሮ አስር ደቂቃ።

ጋይዶች ሰዓት ሲያሰሉ የሚጠቀሙባት አንዲት የቆየች ስሌት አለች፣ ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣት፣ ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር ዳገት ካለው፣ ሦስት ሰዓት ሲደመር አንድ ተኩል፣ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ግን ይሄ ለጠንካራ ሰው፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ሰልፊ ነው። እኔ ለራሴ በአንድ ተኩል ነው የማባዛው፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ይመጣል፣ ዕረፍትና ምሳ ስጨምርበት ስምንት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከጀመርን 10 ሰዓት ላይ ነው የምንጨርሰው፣ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ሁለት ሰዓት ትርፍ አለኝ። 4 ሰዓት ላይ ከጀመርን ግን ለኔ ጨለማ ነው፣ እና «አውቶብሱ ትንሽ ዘግይቷል» የሚለው ነገር ለፈጣኑ ቀልድ ነው ለኔ ግን ቤቴ መመለስ የሚገባኝ ምልክት ነው። እንዲሁም የመመለሻ ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ይወሰን፣ እኛ 7 ሰዓት ነው ያልነው፣ 7 ሰዓት ላይ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረንም እንዞራለን፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ዝናብና መብረቅ በሚመጣባቸው ወራት።

ቁልቁለትን ረስቼው። ዳገት ላይ አንደኛ የነበረ ሁሉ ቁልቁለት ላይ አንደኛ አይሆንም፣ ጉልበቱን የሚያመው ያኔ ነው የሚታወቀው። የእግር ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ሂዱ፣ የጫማ ክራችሁን ከመውረዳችሁ በፊት ጥበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ዱላ ያዙ። የፈረንጅ ስቲክ ውድ ነው፣ እኔ መንገድ ላይ ከልጆች የገዛኋት የወይራ ዱላ እስካሁን አለችኝ።

አሁን ግሩፓችን ውስጥ ስሜ «ጅራት» ነው። በፊት የሾመኝ ድካሜ ነበር፣ አሁን በምርጫ ነው፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ፣ የሰው ቁጥር ስልኬ ላይ ተጽፎ፣ ፋሻ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ማንም ከኔ ኋላ አይሆንም። አዲስ የመጣችን ልጅ አያታለሁ፣ «ጫካውን እያየሁ ነው» ስትለኝ እኔም እቆምና አብሬያት ጫካውን አያለሁ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ። ከዛ ስለ ልጆቿ እጠይቃታለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከጨረሰች እንሄዳለን።

ብር ከመላካችሁ በፊት አዘጋጁን ደውላችሁ ጠይቁት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሽቅቡ ስንት ሜትር ነው፣ ስንት ሰዓት ነው የምንዞረው፣ አንድ ሰው ቢያቅተው በየት በኩል ነው የሚመለሰው። «ቀላል ነች፣ ማንም ይችላታል» ብቻ ካላችሁ ቁጥሩን እንዲነግራችሁ ድገሙለት። መጨረሻ ላይ «ኋላ የሚሄደው ማነው?» በሉት። ስም ከጠራላችሁ ሂዱ። ከሳቀ ብሩን አትላኩ፣ ሌላ ግሩፕ ሞልቷል።